እድራችን ማገዶ ለመቆጠብ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ መብራት ገብቶላቸዋል፤ የቀሩት ኩበትና ባሕር ዛፍ ያነዳሉ። ዘንድሮ ከእድሩ ተቀማጭ ጥቂት ገንዘብ ለይተን አባሎቻችን ማገዶ እንዲቆጥቡ፣ አካባቢያችንም የካርቦን ልቀትን በመቀነስ የበኩሉን እንዲያደርግ ወስነናል። ሐሳባችን ግን ተከፋፍሏል። አንዳንዱ ለሁሉም አባል ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በነጻ እናድል ይላል፤ አንዳንዱ ከእበት የሚገኘው ጋዝ፣ ባዮጋዝ፣ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ችግኝ መትከሉ ይበቃል ባይ ነው፤ ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም የቀነስነውን ልቀት ለሚገዛ አካል በመሸጥ፣ ገንዘብ ይገኛል የሚሉም አሉ። ከዓመታት በፊት በነጻ ከታደሉት ምድጃዎች ብዙዎቹ ዛሬ የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል። ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦ ከምጣዱ ይጀምሩ። የተነሡት አራቱም ሐሳቦች «ምን እናምጣ» ከሚል የሚነሡ ናቸው፤ መቅደም ያለበት ግን «ማገዶው የሚያልቀው ምን ላይ ነው» የሚለው ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው በጋገራ ላይ እንደሚያልቅ ይገመታል፤ ወጡ፣ ቡናውና የእግር ውኃው ተደምረው የቀረውን ይካፈላሉ። መብራት በገባለት ቤትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ቢሆንና በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ፣ በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 60 ዋት አምፖልን በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ መተካት ግን፣ በቀን አራት ሰዓት ቢበራ፣ በወር የሚያተርፈው ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አምፖሉን መቀየር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የእድሩን ጉልበትና ገንዘብ በአምፖል ላይ መጨረስ ትልቁን ቀዳዳ ትቶ ትንሹን መድፈን ይሆናል።

በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር እሳቱ ከሚሰጠው ሙቀት ወደ ሊጡ የሚደርሰው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው በጉልቻዎቹ መካከል ወደ ጎን ይሸሻል፣ በነፋስ ይወሰዳል፣ ገና ሳይነድም ጭስ ሆኖ ወደ ጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ይገባል። ምርጥ በሚል ስም የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአገራችን የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው። ከሲሚንቶና ሬድ አሽ ከሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ በቅርጽ ማውጫ ተቀርጾ፣ ተገጣጥሞ እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋ ሲሆን፣ ከኋላው ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት ይጣድበታል። በትክክል ከተሠራና በትክክል ከተገጠመ፣ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም፤ ምርጥ ምድጃ ማገዶ ቆጣቢ ነው እንጂ ጭስ አልባ አይደለም። ጭሱ የሚቀንሰው የሚነደው ስለሚቀንስ ነው፤ ስለዚህ ምድጃው ከገባ በኋላም የጭስ ቤቱ መስኮት ወይም የጣሪያ መውጫ ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ የታደሉት ምድጃዎች ለምን የዶሮ ማደሪያ ሆኑ? ብዙ ሰው «በነጻ ስለተሰጡ ነው» ይላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። እኔ ራሴ በተሳተፍኩበት አንድ የስርጭት ሥራ ከወራት በኋላ ወደ ቤቶቹ ተመልሰን ስንገባ ያየነው ሌላ ነበር። ቅርጽ ማውጫው የተሠራው በዚያ አካባቢ ከሚገዛው ምጣድ ለሚሰፋ ምጣድ ስለነበር፣ በምጣዱ ጠርዝና በምድጃው ግድግዳ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀርቷል። ነበልባሉ በዚያ ክፍተት እየወጣ የጋጋሪዋን ክንድ ይለበልባል፤ ምጣዱም በአንድ ወገን ሰምቶ በሌላው ወገን ስለማይሰማ እንጀራው ግማሹ ዓይን ያወጣል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ክፍተቱን በጭቃና በጭድ ልሰና መዝጋት ከግማሽ ቀን ያነሰ ሥራ ነበር። ነገር ግን ያከፋፈለው አካል ሄዷል፤ በቀበሌው እንዲጠግን የሠለጠነ ሰው አልነበረም፤ ጋጋሪዋንም ከመጀመሪያው «ምጣድሽ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም። ሌሎቹ ደግሞ ሲሚንቶ ተቆጥቦባቸው፣ ወይም ከቅርጹ ከወጡ በኋላ ለቀናት ውኃ ሳይጠጡ ደርቀው በመጀመሪያው ወር ተሰነጠቁ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው ሁሉ፣ ከምድጃው ጋር ልኩ፣ ገጠማውና ጥገናው አብረው ካልመጡ ለውጥ የለም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሰፊ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ምክንያት ብርዱ ነው፤ ይህንን ከቆላ የመጡ ዕቅዶች ዘወትር ይዘነጉታል። መንዝ ውስጥ የገባሁባቸው አንዲት እናት ምርጥ ምድጃቸውን ጥግ አስይዘው በሦስት ጉልቻ ሲጋግሩ አገኘኋቸውና ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ምድጃው ደኅና ነው፤ እኔን ግን አያሞቀኝም» አሉኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት፣ ማለዳ ሜዳው በውርጭ በሚነጣበት አገር እሳት ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ማሞቂያም፣ የልጆች መሰብሰቢያም ነው። እሳቱን የሚዘጋ ምድጃ ሲያስገቡ ያንን ሙቀት ከቤቱ ይነጥቃሉ፤ ቤቱም ሁለተኛ እሳት ያነዳል፣ ወይም ወደ ጉልቻው ይመለሳል። በወረቀት ላይ የተቆጠረው ቁጠባ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

መፍትሔው ሙቀቱን ቤት ውስጥ ማስቀረት ነው። ቆርቆሮ ክዳን ያለ ኮርኒስ ሌሊት ሙቀትን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የድንጋይ ግድግዳና ወፍራም የሣር ክዳን የነበራቸው የቀድሞ የመንዝ ቤቶች በዚህ ረገድ ከዛሬው የቆርቆሮ ቤት ይሻሉ ነበር። መኝታ ክፍሉን ብቻ በአቡጀዲ ወይም በተሰፋ ጆንያ ኮርኒስ ማልበስ፣ በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ መምረግ፣ በበሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ መስቀል እድሩ በደቦ ሊሠራው የሚችል፣ ወጪው አነስተኛ የሆነ ሥራ ነው። ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ ለዚህ አገር እንግዳ አይደሉም፤ ቤቱን ከማሞቅ ሰውነትን መሸፈን ሁልጊዜ ይረክሳል። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የማሳስበው አለ። የመኝታ ክፍል ከተደፈነ በኋላ ከሰል ወይም የኩበት ፍም አስገብቶ መተኛት ለሞት ይዳርጋል። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ራሱን ሳይነቃበት ይወስደዋል። ኮርኒስ የሚያለብስ እድር ይህን ማስጠንቀቂያ በየቤቱ በቃል ሳያደርስ ሥራውን መጀመር የለበትም።

መብራት ለገባላቸው አባሎቻችሁ ግልጽ ምክሬ ጋገራውን ወደ ኤሌክትሪክ እንዲያዞሩ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ ያጠናክራል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ከዜሮ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ኤሌክትሪካቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ በሚያመነጩ አገሮች ይህ ዕድል የለም። «ኤሌክትሪክ ውድ ነው» የሚለው ቅሬታ ሲመዘን ደግሞ የሚገዛው ኩበትና እንጨት ዋጋ፣ የሸክሙ ጊዜና የጭሱ ሕመም በአንድ ወገን ሊቀመጡ ይገባል።

ምጣዱ አንዴ ከሰማ ብዙ መጋገሩ ነው የሚያዋጣው። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ እስኪሰማ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ አንድ እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አልፏል ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ሊጣቸውን ይዘው ተከታትለው ቢጋግሩ ይህ የማሞቂያ ኪሳራ አንዴ ብቻ ይከፈላል፤ ከጠፋ በኋላ በቀረው ግለት ደግሞ ቆሎ ይቆላል፣ ዳቦ ይደርቃል። በዚህ ላይ እድሩ ዋናውን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ሰፈሩን በሦስት ሦስት ቤት ከፍሎ የጋገራ ቀን ማውጣት ለትራንስፎርመሩም እረፍት ነው፤ በበዓል ዋዜማና በጾም መያዣ ሁሉም ቤት ምጣዱን በአንድ ሰዓት ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፣ ምጣዱ ሳይሰማ ሰዓቱ ይረዝማል፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ከምሽቱ ይልቅ ረፋዱን ወይም ቀትርን ይምረጡ።

በዚህ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው የታሪፉ ነው፤ የቤት ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ወደሚቀጥለው እርከን ስለሚያድግ፣ ጋገራው ሁሉ በአንዲት ጎረቤት ቆጣሪ ላይ ቢያርፍ ባለቤቷ ትጎዳለች። ወይ ቤቶቹ በተራ ያስተናግዱ፣ ወይ ሒሳቡ ከጋገራው በፊትና በኋላ ቆጣሪው ተነቦ በእርከኑ ዋጋ ይከፈል። ሁለተኛው የሽቦው ነው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድና በማከፋፈያ ላይ የተሰካ ምጣድ ቤት ያቃጥላል። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የተረጋገጠ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ይኑረው፤ ጋጋሪዋ እጇ በሊጥ እየራሰ የምትሠራ መሆኗን አይርሱ። መብራት በሚቋረጥባቸው ቀናት መጠባበቂያው በእንጨት የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚደጋገፉ እንጂ የሚቀናቀኑ አይደሉም።

ባዮጋዝ ለእናንተ ቀበሌ አሁን አልመክረውም። ዘዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ፕሮግራም ደረጃ በአማራ ክልልም ሲሠራበት ቆይቷል። ጋዙን የሚያመርቱት ረቂቅ ሕያዋን ግን ሙቀት ይወዳሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሥራቸው እጅግ ይዳከማል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ከጣርማ በር በታች፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በምንጃር ቆላማ ክፍል፣ አራት ከብትና በቂ ውኃ ላለው ቤት ባዮጋዝ መልካም ምርጫ ነው፤ ከጣርማ በር በላይ ግን ማሞቂያ በሚያስፈልግበት ወቅት ጋዙ ይደክማል። ከዚህም በላይ ተራው የባዮጋዝ ማንደጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ለሰፊ ምጣድ የሚበቃ ነበልባል የለውም፤ ትልቁን ወጪ ሳይነካ ይቀራል።

ችግኝ መትከል ማገዶ ማቅረብ ነው እንጂ ማገዶ መቆጠብ አይደለም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። «እንጨት ታዳሽ ስለሆነ ካርቦን አይጨምርም» የሚለውም በሁኔታ የተገደበ እውነት ነው። ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ በሚያቆጠቁጥ የጓሮ ባሕር ዛፍ ላይ በአብዛኛው ይሠራል፤ ከወፍ ዋሻ ደን በተቆረጠ ጽድ ላይ አይሠራም፤ ያ ዛፍ ለዘመናት ያከማቸውን ካርቦን በአንድ ክረምት ይለቃልና። ስለዚህ የቁጠባው የካርቦን ጥቅም የሚለካው ማገዶው ከየት እንደመጣ በማየት ነው። ከሰል ከሁሉ የከፋው ነው፤ በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ይነዳል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ፍጆታውን በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዛሬ ከሰል የማይጠቀምን ቤት በላቀች ስም ወደ ከሰል ማስገባት ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ኩበትን በተመለከተ ከካርቦኑ ይልቅ መሬቱ ያሳስበኛል። እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረው ጥቂት ማዕድን ብቻ ነው፤ አፈሩም ውኃ የሚይዝበትንና ገብሱን የሚመግብበትን ብስባሽ ያጣል። ከዚያ ገበሬው የጎደለውን በዩሪያ ለመተካት ይበደራል። አንድ ቤት ጋገራውን ወደ ኤሌክትሪክ ቢያዞርና የተረፈውን እበት ወደ ማሳው ቢመልስ ትርፉ በምርቱ ላይ የሚታይ ነው። እድሩ የተረፈው ኩበት ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ማሳ እንዲሄድ ካልተስማማ ግን እሳቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። ይህ ዓይነቱ ስምምነት በዚህ አገር አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በችግር ጊዜ እየከፈተ ያስተዳድር ነበር፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ቦታው ዛሬም በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። ሣር መዝጋት የቻለ ሕዝብ ስለ ኩበት መስማማት አያቅተውም።

ስለ ካርቦን ሽያጭ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ በዚህ ተስፋ ላይ ምንም አታቅዱ፤ ማንኛውንም ውልም ሕግ አዋቂ ሳያነበው አትፈርሙ። ገንዘቡ የሚገኘው ከሥራው በፊት የነበረው ፍጆታ ተለክቶ፣ በገለልተኛ አካል በየጊዜው ተረጋግጦ ነው፤ የዚህ ወጪ በብዙ ሺህ ቤቶች ካልተከፋፈለ ገቢውን ይበልጠዋል። ሰማንያ ቤት ለብቻው አይወጣውም። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከእውነተኛው ቁጠባ በዘጠኝ እጥፍ ገደማ አጋነው መሸጣቸውን በማሳየቱ ገዢዎች ተጠራጣሪ ሆነዋል። አንዱ የመጋነኑ ምንጭ ቀደም ሲል ያነሣሁት ነው፤ ምድጃ የተሰጠው ቤት ሁሉ በምድጃው ብቻ ይጠቀማል ብሎ መቁጠር።

ከምጣዱ ቀጥሎ ድስቱ ይምጣ፤ እዚህ ላይ ከፍታችሁ ራሱ ማገዶ ይበላል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና አተር የሚዘገዩት ለዚህ ነው። ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር የድስቱን ግለት ከዚያ በላይ አያደርሰውም፤ ውኃውን ብቻ ያተናል። ጥራጥሬን ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅም። ፕሬሸር ድስት ከቆላ ይልቅ ለደጋ ይጠቅማል፤ የእንፋሎት መውጫው ሳይዘጋ መቆየቱን ግን ሁልጊዜ ማየት ያስፈልጋል። እንጨቱም ተፈልጦ ከዝናብ ተጠልሎ ለወራት ይድረቅ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ መጀመሪያ የሚያፈላው በውስጡ ያለውን ውኃ ነው።

እንግዲህ በእድሩ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ የመንጠቆ ሚዛን ገዝቼ፣ ከተለያየ የኑሮ ደረጃ አሥር ቤቶችን መርጬ፣ ለሁለት ሳምንት በየጋገራው ከመነደዱ በፊት ማገዶውን፣ ከጋገራው በኋላ ያልነደደውን፣ እንዲሁም የወጣውን እንጀራ አስመዝናለሁ፤ ለአንድ ኪሎ እንጀራ የነደደው ማገዶ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ቁጠባ መናገር አይቻልም። ኩበትና እንጨት ለየብቻ ይመዘኑ። ሸክም መለኪያ አይሆንም፤ የአንዷ ሸክም ከሌላዋ ይለያልና። ቀጥሎ መብራት ላላቸው ቤቶች ገንዘቡን ለሽቦው፣ ለብሬከሩና ለምጣዱ በብድር እሰጣለሁ፤ በእቁብ መልክ በየወሩ ተመልሶ ለሚቀጥለው ቤት ይድረስ። መብራት ለሌላቸው ደግሞ ከቀበሌው ሁለት ወጣቶች በምርጥ ምድጃ አሠራር እንዲሠለጥኑ አድርጌ፣ ቅርጽ ማውጫውን በአካባቢው ምጣድ ልክ አሠርቼ፣ ምድጃውን እዚያው አስመርታለሁ፤ ጋጋሪዋ ከዋጋው የተወሰነውን ትክፈል፤ ለፍጹም ችግረኛው እድሩ ይሸፍን። ለወጣቶቹ ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ምድጃው ከተገጠመ ከስድስት ወር በኋላ፣ ቤት ለቤት ታይቶ በሥራ ላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ይከፈል። ይህችን አንዲት አንቀጽ ከውሉ እንዳትተዉ እለምናችኋለሁ። በአሥሩ ቤቶች የተደረገው ምዘናም በዚያው ጊዜና አንዴም በውርጩ ወራት ይደገም። ኮሚቴውን በተመለከተ አብዛኞቹ አባላት የሚጋግሩ ሴቶች ይሁኑ፤ በምድጃው ላይ የሚፈርደው የእነርሱ እጅ ነው።

የምድጃ ማምረቱን ሥራ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጨርሱት። በኅዳርና በታኅሣሥ የተለሰነ ሲሚንቶ ሌሊት ውስጡ ያለው ውኃ በውርጭ ሲረጋ ጥንካሬውን ያጣል፤ የግድ በዚያ ወቅት ከተሠራ ከቅርጹ የወጣው ሁሉ ከቤት ገብቶ፣ በጭድና በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ ይቆይ፤ ከዚያም ሳይደርቅ እሳት አይንደድበት።